አዲሷ ላፕቶፕ ለምን ታቃስታለች?

የዛሬው ጨዋታችን እንቅልፍ ስለነሳችኝ አንዲት ጉደኛ ነው። ሰው እንዳትመስላችሁ፣ ላፕቶፕ ናት!

የዕቁብ ብሬን ከፍዬ በገዛኋት በሁለተኛው ቀን ፋኗ መጮህ ጀመረ። ስሠራባትም ትጮኻለች፣ ዝም ብዬ ስተዋትም ትጮኻለች። እኔና እናቴ የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ እማዬ ባነና «ይሄ የሚያቃስተው ምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ሻጩ ዘንድ ብሄድ «ተፈጥሮዋ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሸኘኝ። የሰፈራችን ጠጋኝ ደግሞ «ፈትቼ ልያት» ብሎ ካቻቪቴውን አነሳ። ወዲያው ከሥሯ የተለጠፈችውን ወረቀት አየሁ፤ «ከተነሳ ዋስትናው ይሰረዛል» ትላለች። የአንድ ዓመት ዋስትና! ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

ነገሩን የፈታው ኮምፒውተር አዋቂው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ያውም አንድ ብሎን ሳይነካ።

«የት አስቀምጠሽ ነው የምትሠሪው?» አለኝ። አልጋ ላይ ነዋ! ሳቀብኝ። የብዙዎቹ ላፕቶፖች አየር መሳቢያ ሆዳቸው ላይ ነው። ብርድ ልብስ ሲደፍነው ይታፈናሉ። ጠረጴዛ ላይ አድርጓቸው። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሯ ከባህር ዳር አገሮች በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ሙቀቱን ለማውጣት ይበልጥ ይደክማል።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ከፈተ። ሲፒዩ የሚለውን ሲጫን ብዙ የሚበላው ከላይ ይወጣል። አዲስ ላፕቶፕ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ይበዛበታል፤ ዊንዶውስ ማሻሻያ ያወርዳል፣ ፋይል ይመዘግባል፣ አንቲቫይረሱ ይፈትሻል። ይህ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ብትተዉት በራሱ ያልፋል። የእኔዋን ያስጮኻት ግን ሌላ ነበር። ሻጩ «ምርቃት» ብሎ የጫነልኝ ፕሮግራም ሌት ተቀን ግማሹን ጉልበቷን ይበላ ኖሯል! አጠፋነው።

በመጨረሻም ሴቲንግ ገብቶ ፓወር ሞዱን ከ«ቤስት ፐርፎርማንስ» ወደ «ባላንስድ» መለሰው። አንዳንድ ላፕቶፖች ባዮሳቸው ውስጥ ቻርጀር ላይ ሲሆኑ ፋኑን ሁልጊዜ የሚያስነሳ ምርጫ አላቸው፤ እሱንም ማየት ነው።

ታዲያ ድምፁ ስለሰለቻችሁ ብቻ ፋኑን ለማስቆም እንዳትሞክሩ! ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል፣ ሲብስም ይጠፋል። ጠረጴዛ ላይ ሆና፣ ሲፒዩውም ሥራ ፈትቶ አሁንም ከጮኸች ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካሰማች ችግሩ የዕቃው ነው። በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና ዋስትናው ሳያልፍ ሻጩን ያዙት። ለጠጋኝ ካስፈታችኋት ግን ክርክሩ አበቃ።

የዚያን ዕለት ሌሊት እማዬ ባነና «ምነው ዛሬ ዝም አለች፣ ተበላሸች እንዴ?» አለችኝ።

ሳምንት ሰው ይበለን!