በግንቡ አጠገብ ያለው ሌላው ጐንደር



የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ዕረፍቱን አግኝቶ ወደ ጐንደር ቢዘልቅ፥ በመጀመሪያ የሚጐበኘው የአፄ ፋሲልን ግንብ መሆኑ የታወቀ ነው። እኛ ዛሬ የምንናገረው ግን ከግቢው ቅጥር ውጭ ስላለው፥ ብዙ እንግዳ ሳያስተውለው ስለሚያልፈው ስለ ፒያሳ ሰፈር ነው።

የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ጐንደርን የያዘው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያው ከተማ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ጠላት ለዘለዓለም የሚኖር መስሎት በዚህ ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አዲስ ከተማ መሥራት ጀመረ። ፕላኑን ያወጣው ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ የፍሎሬንስ አርክቴክት ነበር። የዚያ ዘመን ፕላን ዋና ሐሳብ ጣልያኑንና አገሬውን ለየብቻ ማስፈር ስለ ነበረ፥ ዛሬ በፒያሳ ጐዳና እንደ ልቡ የሚመላለስ ሰው አያቱ በዚያ ሥፍራ ቤት ሠርቶ ለመቀመጥ መብት እንዳልነበረው ማሰብ ይገባዋል።

ጐብኚው በእግሩ ይሂድ፤ ከመኪና ውስጥ የሚታይ ነገር የለምና። ከፖስታ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ሱቆቹና ወደ ሲኒማ ቤቱ ቢያልፍ፥ የሕንፃዎቹ መስመር ቀጥ ያለ፥ ጌጣቸውም ጥቂት መሆኑን ያያል። በአቅራቢያውም ለጠላት ሹማምንት የተሠሩ ቪላዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቂ ጥገና ያላገኙ ናቸው። የተጌጠ ነገር የሚወድ ሰው እምብዛም አይደሰት ይሆናል፤ እኔ ግን አንድን ዘመን እንዲህ በግልጽ የሚመሰክር ሰፈር በአገራችን ብዙ አላየሁም። የጦርነቱን ጠባሳ የሚፈልግ ደግሞ ወደ ግቢው ተመልሶ፥ በእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ የተጐዳውን የአፄ ኢያሱን ግንብ ይመልከት።

«የጠላት ሥራ ስለ ምን ይጠበቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። በካሪብያን ባሕር ዳር የምትገኘው ሳንቶ ዶሚንጎ እስፓኞች እ.ኤ.አ. በ1502 ወደ ኦዛማ ወንዝ ምዕራብ ዳርቻ አዛውረው የሠሯት ናት። ወደዚያች ደሴት አፍሪካውያን በባርነት ይጋዙ እንደ ነበር የታወቀ ሲሆን፥ የከተማዋ አሮጌ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አስመራም እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንኑ ማዕርግ አግኝታለች። በጐንደር ግን በ1972 ዓ.ም. የተመዘገበው የነገሥታቱ ሥራ ነው እንጂ የፒያሳ ሰፈር አይደለም።

የቤቱ ነገር እንዲህ ሲሆን፥ ስሙ ግን ሳይጠበቅ ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ የተባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረ የኢጣልያ ድርጅት አጭር ስም ነው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ክፍል ፈርሷል፤ ተሳፋሪው ግን ዛሬም «ካዛንቺስ ወራጅ አለ» ይላል። በእኔ አስተያየት፥ የፒያሳም ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት ማን እንዳሠራቸው፥ በማን ጉልበት እንደ ቆሙና እነማን እንዳይኖሩባቸው እንደ ተከለከሉ በየደጃፋቸው በአማርኛ ቢጻፍ የሚሻል ነው።

ወደ ጐንደር የሚሄዱ አድማጮቻችን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ጎሃ ተራራ ይውጡ፤ ግንቡና ፒያሳው ከዚያ ላይ በአንድነት ይታያሉ።