የዶክትሬት ምርምርና የሥራ ፈጣሪነት ትምህርት

የዶክትሬት ትምህርት ዋና ዓላማ አዲስ ዕውቀት ማመንጨት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ዕውቀት ሁሉ በራሱ እግር ሄዶ ከተጠቃሚው ዘንድ አይደርስም። ለዚህም ከአገራችን የምርምር ታሪክ የእንዶድ ጉዳይ በቂ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፥ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን አስተዋሉ። የቢልሃርዚያ ተሐዋስያን በቀንድ አውጣ ውስጥ አድገው ወደ ሰው የሚተላለፉ በመሆናቸው፥ ግኝቱ ርካሽ የመከላከያ ዘዴን የሚጠቁም ሆነ። ነገር ግን እንዶዱን ማን ያመርተዋል? ደኅንነቱ ማንን በሚያሳምን መመዘኛ ይረጋገጣል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከቤተ ሙከራ ውጭ ነበር። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ሲቀበሉ፥ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላም እንዶድ ገና በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም ነበር።

እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ የመጠየቅ ችሎታ በትምህርት ሊገኝ ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2011 «አይ-ኮር» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት አባላት ያሉት ሆኖ፥ ብዙውን ጊዜ በዶክትሬት ተማሪ ወይም በቅርቡ በተመረቀ ተመራማሪ ይመራል፤ የምርምሩ ኃላፊ የሆነ መምህርና ከሥራው ዓለም የመጣ ልምድ ያለው አማካሪም ይታከሉበታል። ቡድኑ በሰባት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 100 ሰዎችን እንዲያነጋግር ይጠየቃል። ግምቶቹን ዘጠኝ ክፍል ባለው ሰንጠረዥ ላይ አስፍሮ፥ በየሳምንቱ ከሰማው ጋር እያመሳከረ በክፍል ፊት ያርማል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ተማሪ እህልን ከነቀዝ የሚጠብቅ ዘዴ አገኘ እንበል። ተግባሩ ዘዴውን ማወደስ ሳይሆን ገበሬውን ማዳመጥ ነው። ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል እህሉን ከአውድማ እንዳነሣ የሚሸጥ ከሆነ፥ ነቀዝ የእርሱ ሳይሆን የነጋዴው ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ችግር ነው። ስለዚህም የዘዴው መጠን፥ ዋጋና አቀራረብ በሙሉ ሊለወጥ ይገባዋል።

ከዚህ እንደሚታየው ዘዴው ለተመራማሪው ባዕድ አይደለም። ግምቱ መላ ምት፥ ቃለ ምልልሱ ምልከታ ነው፤ የተሻረ መላ ምትም እንደ ውድቀት ሳይሆን እንደ ውጤት ይቆጠራል። «ለዚህ ነገር ተጠቃሚ የለውም» ብሎ በማስረጃ የሚደመድም ቡድን ትምህርቱን በሚገባ ፈጽሟል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። የምርምር ፍሬ የሚያስፈልገው ሁሉ ገዥ አይደለም፤ በቢልሃርዚያ የሚጠቃው የገጠር ሕፃን የመግዛት አቅም የለውም። ስለሆነም ትምህርቱ የገበያን ስሌት ብቻ ሳይሆን፥ በመንግሥት አገልግሎትና በማኅበረሰብ ድርጅት አማካይነት የሚደረስበትንም መንገድ ማካተት አለበት።

ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነጥቦች ይታያሉ። አንደኛ፥ ትምህርቱ መመረቂያ ጽሑፉ ካበቃ በኋላ ሳይሆን፥ የምርምሩን አቅጣጫ ማረም በሚቻልበት ወቅት ይሰጥ። ሁለተኛ፥ ለመስክ የሚወጣው ጊዜ በክሬዲት ይታሰብ፤ አለዚያ ተማሪው በአማካሪው ግፊትና በመስክ ሥራው መካከል ይዋልላል። ሦስተኛ፥ አማካሪ መምህሩ ራሱ የቡድኑ አባል ይሁን።

የመምህሩም ድርሻ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ይጀምራል። ተማሪዎቹን «መልሱ ምንድን ነው?» ከማለት አልፎ «ይህ መልስ ለማን ይጠቅማል? ሄዳችሁ ጠይቃችሁታልን?» የሚል መምህር፥ ለዶክትሬቱ መሠረቱን ጥሏል።