እንዝርት፦ ከባዘቶ እስከ ልቃቂት

እንዝርት ብዙ አካል የለውም። ቀጭን የእንጨት ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ የተሰካ ክብ ቁራጭ፣ ጫፉ ላይ ክር የሚይዝ ትንሽ መንጠቆ፤ በቃ። የእጅ ፈትል የገባበት ነጠላና ጋቢ ሁሉ ግን አስቀድሞ በዚህ ዘንግ ላይ ዞሯል።

የጥጡ ፍሬ በመዳመጫ ይወጣል፤ ቀጥሎ ጥጡ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ ጫፉን ከመንጠቆው ጋር ታያይዛለች፤ እንዝርቱን ጭኗ ላይ በመዳፏ አሹራ ትለቀዋለች። እንዝርቱ ተንጠልጥሎ ሲሾር ባዘቶ የያዘው እጇ ወደ ላይ ይሳባል፤ ጥጡ እየቀጠነ ይከርራል። ክሩ ክንዷ የቻለውን ያህል ሲረዝም ዘንጉ ላይ ጠቅልላ እንደገና ታሾረዋለች። ዘንጉ ሲሞላ ፈትሉ ልቃቂት ይሆናል።

የጥጥ ፀጉር ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ አጭር ነገር ብዙ ሜትር የሚረዝም ክር የሚሆነው በመክረር ብቻ ነው፤ ፀጉሮቹ ሲጠማዘዙ እርስ በርስ ይጨባበጣሉ፣ አንዱ ሌላውን አለቅም ይላል። ክቡ ቁራጭ የመዳፍን ግፊት ተቀብሎ ዙረቱን ያቆየዋል። ከቀለለ እንዝርቱ ቶሎ ይቆማል፤ ከከበደ ገና ያልጠነከረውን ክር ይበጥሳል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ ክረቱ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀጭኑ ቦታ ነው። ቀጭኑ ቀድሞ ይጠነክራል፤ ወፍራሙ ላልቶ ስለሚቆይ ፈታይዋ ስባ ታስተካክለዋለች። ይህን የምታውቀው በጣቶቿ ነው። ፈትል ያልለመደ ሰው ቢሞክረው ክሩ እዚህ ይጎረብጣል፣ እዚያ ይበጠሳል።

ጥጥ በአካባቢያችን የቆየ ሀብት ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ኖባ ዘመቻው ባስቀረጸው ጽሑፍ ካወደማቸው ነገሮች መካከል የጥጥ ክምችት ይገኛል። እንግሊዛዊው ጄምስ ሃርግሪቭስም እ.ኤ.አ. በ1764 ገደማ የሠራው መፍተያ ይህንኑ የእንዝርት ዙረት ያበዛ ነበር፤ በአንድ መዘውር 8 እንዝርት አሾረ። የዛሬው ፋብሪካም የሚፈትለው ጥጥን በማክረር ነው።

በእኛ አገር ሽመናው በአብዛኛው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ጥበብ ሲደነቅ ጥለቱና ሸማኔው ይነሳሉ፤ ፈታይዋን የሚያነሳ ጥቂት ነው። ይህ ተገቢ አይደለም። አሁን ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል የሚቀረው ለማጉ ነው። ሸማው ገላ ላይ የሚለሰልሰውም በዚህ ማግ ነው። ነጠላ ስትገዙ ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑን ጠይቁ፤ ከሆነም በዋጋው ላይ አትከራከሩ፤ የፈታይዋ ድካም አለበት።