ሥሩ የሚሸጥ ተክል፤ የቁስጥ ንግድ ለነጋዴና ለሹም የሚሰጠው ትምህርት

ፍሬ ለቅሞ የሚሸጥ ሰው ዛፉን ለከርሞ ይተወዋል፤ ሥር ነቅሎ የሚሸጥ ግን ከትርፉ ጋራ ዋናውን ገንዘብ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን ዐረቦች ቁስጥ፥ ሕንዶች ኩት የሚሉት የሂማላያ ተራራ ተክል ነው።

ቁስጥ ዶሎሚያ ከሚባለው የእስያ ዕፀዋት ወገን ነው። ይህ ወገን በሂማላያ፥ በቲቤትና በምዕራብ ቻይና ደጋዎች የሚበቅል ሲሆን፥ አደይ አበባ፥ ኑግና ሱፍ ከሚገኙበት ሰፊ ቤተ ሰብ ይቈጠራል። ሊቃውንት ቁስጥን ለብዙ ዘመን በሌላ ወገን ሲቈጥሩት ኖረው በ2020 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወደ ዶሎሚያ አዛውረውታል። ተክሉ በካሽሚርና በአካባቢዋ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ይበቅላል፤ ቁመቱ ከሰው ይተካከላል፤ አበባው ወደ ጥቍረት የሚያደላ ወይን ጠጅ ነው። ዋጋው ግን መዓዛ ባለው ወፍራም ሥሩ ላይ ነው።

ይህ ንግድ ለቀይ ባሕር እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈውና የአዱሊስን ገበያ የሚዘረዝረው የባሕር ንግድ መጽሐፍ፥ ቁስጥ በኢንዱስ ወንዝ አፍ ከነበረው ከባርባሪኮንና ከባሪጋዛ ወደቦች በመርከብ ይጫን እንደ ነበር ይመሰክራል። ሮማውያን ለሽቱ ፈለጉት፤ ቻይናዎች ለመድኀኒትና ለዕጣን ገዙት፤ የካሽሚር ሻል ነጋዴዎችም ብል እንዳይበላባቸው ከጨርቁ መካከል ያኖሩት ነበር።

ፈላጊው ሲበዛ ቈፋሪው በዛ። ሥሩ ሲወጣ ተክሉ ስለሚሞት፥ ዘር ሳይጥል የተነቀለው ቦታውን የሚተካለት አላገኘም። የካሽሚር መንግሥት ሥሩን በልዩ ሕግ ተቈጣጥሮ የግምጃ ቤቱ ገቢ አደረገው፤ ሆኖም ገቢውን መጠበቅና ተክሉን መጠበቅ አንድ ነገር አይደሉም። በመጨረሻ በ1975 ዓ.ም. ቁስጥ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ በሚገዛበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ገባ፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ከሁሉ በሚጠብቀው በአንደኛው መዝገብ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ከዱር የተቈፈረውን ለትርፍ ወደ ውጭ አገር መሸጥ ተከልክሏል።

የላሁል ሸለቆ ገበሬዎች ግን ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ዘሩን በእርሻቸው ዘርተው፥ ሁለትና ሦስት ዓመት ታግሠው ሥሩን ያወጣሉ፤ በቻይናም ዩናን በሚባለው አገር እንዲሁ ይደረጋል። በእርሻ የበቀለው በፈቃድ ሊሸጥ ይችላል።

ነገሩ ሩቅ የሚመስለው ሰው በኢትዮጵያ ገበያዎች የሚሸጠውን ቀበሪቾ ይመልከት። ቀበሪቾ የዚያው ቤተ ሰብ ተክል ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር አይበቅልም፤ ለጢስና ለመድኀኒት የሚፈለገውም ሥሩ ነው። ኬሚስቶች ባደረጉት ምርመራ፥ በቁስጥ ሥር ከሚታወቁት ዋና ቅመሞች አንዱ በቀበሪቾ ዘይትም ተገኝቷል። እርሱም ከዱር እየተቈፈረ ለገበያ ይቀርባል።

ስለዚህ ሹም የቍፋሮ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የሚዘራውን መሬት ይጠይቅ፤ ነጋዴም ከቈፋሪ ይልቅ ከዘሪ ቢገዛ ልጁ የሚነግድበት ሸቀጥ ይተርፈዋል።