ድምፅ ከምርጫው ቀን በፊት ሲጠፋ

(የደባርቅ ገበያ ድምፅ፤ ተራኪው ሲጀምር ዝቅ ይላል)

በሰሜን ጎንደር ደጋ ስለ ምርጫ ሲወራ ሁሉም የሚያስበው ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን ነው። በጃን አሞራና በበየዳ ያለ ገበሬ ግን ድምፁን ሊያጣ የሚችለው ከዚያ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ፣ በመራጮች ምዝገባ ወቅት ነው። ባለፈው ምርጫ የተሰጠ ካርድ ለቀጣዩ አያገለግልም። ሰው ራሱ እንደ አዲስ መመዝገብ አለበት፤ ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት ሊመዘገብ አይችልም። የ2013ቱን ምርጫ ሂደት መለስ ብለን እንመልከት። ምዝገባው በመጋቢት ተጀመረ፤ ብዙ ጣቢያዎች በወቅቱ ባለመከፈታቸው ቀኑ ተራዘመ፤ ድምፅ የሚሰጥበት ቀንም ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 ተሸጋገረ። በዕለቱ ሰልፉ ስለረዘመ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ድምፅ መስጫውን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመ። ይህ የጠቀመው ግን ስሙ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ሰው ነው፤ ላልተመዘገበው የሚጨመር ሰዓት አልነበረም።

ሕጉ ራሱ በር አይዘጋም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ሰው መመዝገብ ይችላል። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው የገጠር ነዋሪ ደግሞ በሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል። ከገጠር ወደ ጎንደር ከተማ መጥቶ ማራኪ ወይም አዘዞ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣትም ስድስት ወሩን ከሞላ ባለ መብት ነው። ችግሩ ርቀቱና ጊዜው ላይ ነው። አስፋልት ዳር ያለችው የዳባት ከተማና በራስ ደጀን ሥር ያለ ቀበሌ እኩል የምዝገባ ቀን ቢሰጣቸው እኩል ዕድል አገኙ ማለት አይቻልም። ስለዚህ መዝጋቢው በገበያ ቀንና ሕዝብ በሚሰበሰብበት በዓል ሥራው ላይ መገኘት አለበት እላለሁ።

«አሸናፊው አስቀድሞ ከታወቀ መመዝገብ ምን ይረባል?» የሚል አለ። ጥያቄው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን ወንበሮች በሙሉ ይዘዋል። ነገር ግን በ2013 የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ ከዚሁ ከአማራ ክልል አምስት የፓርላማ ወንበር አግኝቷል፤ ጥቂት ነው፣ ግን ባዶ አይደለም። ከዚህም በላይ መራጩ የሚቀበለው ወረቀት ሁለት ነው። ብዙዎች ቸል የሚሉት የክልል ምክር ቤቱ ወረቀት ለገበሬው ይበልጥ ቅርብ ነው፤ የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር የሚሰይመው፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ የይዞታ ደብተሩ የሚሰጥበትን የገጠር መሬት አስተዳደር ሕግ የሚያወጣው ያ ምክር ቤት ነው።

(አጭር የማሲንቆ ድምፅ)

ከዚህ የሚከብደው መከራከሪያ ሰላም ነው። ከ2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ባለበት መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው ተፈናቅሎ ምን ዓይነት ምዝገባ ይካሄዳል? እውነት ነው፤ ማንም ለካርድ ብሎ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጣል ማለት አይቻልም። ከዚህ የሚከተለው ግን እነዚህን ሰዎች ትቶ ማለፍ መሆን የለበትም። ሕጉ ለተፈናቃዮችና ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ እንዲቋቋም ይፈቅዳል፤ ቦርዱም ጸጥታ ባልሰፈነበት ቦታ ምርጫውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይችላል። ዘግይቶ ሁሉንም የያዘ መዝገብ፣ በቀኑ ተዘግቶ የከተማውን ሰው ብቻ ከያዘ መዝገብ ይሻላል። ማንን እንደመረጡ እንዳይታወቅ ለሚሰጉም የሚነገር አለ፦ ምርጫ አስፈጻሚው የፓርቲ አባል መሆን አይችልም፣ ድምፁም በምስጢር ይሰጣል። መዝገቡ ደግሞ ለሕዝብ ይፋ ይደረጋል፤ ስሙ የተዘለለ ሰው፣ ወይም በአካባቢው የማይኖር ሰው ስም ያየ አቤት ማለት የሚችለው ያን ጊዜ ነው። ካርዱ የሚሠራው በተመዘገቡበት ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ ስምዎና የጣቢያው ስም በትክክል መጻፋቸውን ከመዝጋቢው ፊት ሳይነሱ ያረጋግጡ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነም ያስነብቡ።