በሁለት ቀን ተኩል ወደ ሐይቆቹ አገር

ሰኞ ጧት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ «በዕረፍት ቀንህ ወዴት ወጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ጊዜ ከየት አምጥቼ!» ይህን መልስ እኔም ለዓመታት ስሰጠው ኖሬአለሁ። ጊዜ እንደሚያንሰን የታወቀ ነው። ነገር ግን ያለችውን ጥቂት ጊዜ እንዴት አድርገን እንደምናባክናት የተረዳሁት ባለፈው ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አርባ ምንጭ ደርሼ በተመለስሁ ጊዜ ነው። በሁለት ቀን ሄደን ተመለስን። አባያና ጫሞ ዘንድ የደረስነው በሌሊት ነው፤ በማግሥቱም ከኮረብታው ላይ አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሥተን ወደ መኪናችን ሮጥን። ከዚያ ጉዞ የቀረልኝ ትዝታ የወገብ ሕመምና ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ማጅራት ነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበድ አለ። ከአራታችን አንዱ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነውና በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጠው ጓደኛችን፥ እጅግ ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ መዛወሩ ተነገረው። የሚሄድበትም ቀን ማክሰኞ ሆነ። ስለዚህ አራታችን አብረን ልንሆን የምንችለው ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ እሑድ ማታ ብቻ ነበር።

በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ማየት የምንሻውን ሁሉ ብንጽፍ ዐሥራ አራት ቦታ ሆነ። የቢሾፍቱ ሐይቆች፥ ቆቃ፥ የዝዋይ ደሴቶች፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ፥ ወንዶ ገነት፥ ሐዋሳ፥ ጢያ፥ መልካ ቁንጡሬ፥ አዳዲ ማርያም፥ ሌላም ሌላም። ወረቀቱ የጉዞ ዕቅድ ሳይሆን የጂኦግራፊ ፈተና ይመስል ነበር።

የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛችን እርሳሱን አነሣና «እስቲ መጀመሪያ ሀብታችንን እንቍጠር» አለ። በአገራችን ፀሐይ ከጧቱ 12 ሰዓት ግድም ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። በጨለማ ላለመንዳት ተስማምተናል፤ ከብቱ፥ ጋሪውና መብራት የሌለው ባጃጅ ሁሉ መንገድ ላይ ነውና። እንግዲህ ለዓርብ 5፥ ለቅዳሜ 12፥ ለእሑድም 12፥ በጠቅላላው 29 የብርሃን ሰዓት አለን። ጉዞው ደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፈጣኑ መንገድ በሰዓት 80፥ በቀረው 50 ኪሎ ሜትር ብንቈጥር መንገዱ ብቻ 11 ሰዓት ይበላል። ለምግብ፥ ለቤንዚን፥ እግር ለማፍታታትና ለጎማ ጣጣ 6 ሰዓት እንቀንስ። የተረፈን 12 ሰዓት ነው።

«ዐሥራ አራት ቦታ ለዐሥራ ሁለት ሰዓት፤ ለአንዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይደርሰውም» አለና ወረቀቱን ወደ መካከል ገፋው።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ነገር ቀላል ነው፤ እያንዳንዳችን «ሳላየው ብመለስ ይቈጨኛል» የምንለውን አንድ ቦታ ብቻ እንድንመርጥ ተስማማን። የሒሳብ አስተማሪው ላንጋኖ ገብቶ መዋኘትን መረጠ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ታናሽ እኅቱ የሐዋሳን የዓሣ ገበያ አለች። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝና ጢያን መረጥሁ። ጸሐፊው ጓደኛችን ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «አብያታን» አለ። «አባቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ በልጅነቴ ወስዶ ወፎቹን አሳይቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ ሃያ አምስት ዓመት አለፈው።»

የቀሩት ዐሥር ቦታዎች ተሠረዙ። የዝዋይን ደሴቶች መሠረዝ በእውነቱ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን ጀልባው ሲሄድና ሲመለስ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ግማሽ ቀን ደግሞ አልነበረንም።

አሁን የቀረው መንገዱን መምረጥ ነው። አብዛኛው ሰው ሐዋሳ ሲሄድ በሞጆ ሄዶ በሞጆ ይመለሳል፤ ይህም 275 በ275 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ገልጦ ያየ ሰው ግን ከዝዋይ፥ ማለት ከባቱ ከተማ፥ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ቡታጅራ የሚደርስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ያገኛል። ከቡታጅራ ደግሞ በጢያና በመልካ ቁንጡሬ በኩል አዲስ አበባ ይገባል። በዚህ መመለስ ከሃያ ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ትርፍ መንገድ ብቻ ነው፤ ለዐይን ግን ሌላ አገር ነው። በሄዱበት መንገድ ከመመለስ በክብ መዞር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከመነሣታችን በፊት በዋዜማው መናኸሪያ ሄደን በዚያ መሥመር የሚሠሩ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ጸጥታና ስለ ጥገናው ጠየቅን። ይህን ማንም ተጓዥ ሊያስቀረው አይገባም፤ ካርታ ትናንት የሆነውን አያውቅም።

ዓርብ በ7 ሰዓት ከአጎቱ በተዋሰው አሮጌ ቶዮታ ተነሣን። ፈጣኑ መንገድ እስከ ባቱ ድረስ ያለ ችግር አደረሰን፤ ስለ እርሱ ግን ብዙ የምጽፈው የለኝም። ፈጣን መንገድ ለሰዓት ባለጸጋ፥ ለዐይን ድኻ ነው። ዝዋይ ዳር አድረን ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሻይ ጠጣንና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ መንገድ ጀመርን።

ከባቱ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሜዳው በግራር የተሞላ ነው። ከዛሬ ዐሥር ሺህ ዓመት በፊት ግድም ይህ ሁሉ ውሃ ነበር፤ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ውሃው ሲጎድል አራት ሆነው ተለያዩ። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት ስላለው ዛሬም ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አብያታ ግን ጥልቀቱ ከዐሥራ አምስት ሜትር የማይበልጥ ጠፍጣፋ ሐይቅ ስለሆነ ጥቂት ውሃ ቢቀነስበት ዳርቻው እጅግ ይሸሻል። የሚመግበውም በአብዛኛው ከዝዋይ የሚወርደው ቡልቡላና ከላንጋኖ የሚመጣው ሖራ ቀሎ ነው። የላይኛው ውሃ ለመስኖ ሲጠለፍ፥ ሶዳ ለማምረትም ከሐይቁ ሲሳብ፥ አብያታ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል።

ይህን እኔ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። ከብሔራዊ ፓርኩ በር መሪ ይዘን በግራሩ መካከል አልፈን ሁለቱ ሐይቆች በአንድነት ከሚታዩበት ከፍታ ስንወጣ ጸሐፊው ጓደኛችን መጀመሪያ ያየው ሻላን አልነበረም። ወደ አብያታ ዞሮ በዐይኑ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር።

ወደ ታች ወርደን መኪናውን ከግራር ጥላ ሥር አቆምን። መሪያችን «ከዚህ ወዲያ በመኪና አይሆንም፤ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ ጭቃ ነው» አለን። በእግራችን ሄድን። ጥቂት እንደ ሄድን ጓደኛችን ከአንድ ትንሽ ጉብታ ዘንድ ቆመ።

«ከዚህ ይመስለኛል» አለ። «አባቴ ጫማዬን አውልቆ እግሬን ውሃ ውስጥ ያስነከረኝ ከዚህ ነው።»

ከፊታችን ነጭ፥ የተሰነጣጠቀ መሬት ነበር። ውሃው በሩቅ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ ያብለጨልጫል። ሰዓቴን አየሁ፤ በዕቅዳችን መሠረት ልንነሣ አርባ ደቂቃ ቀርቶናል። የሒሳብ አስተማሪው ደግሞ እኔን አየኝ። ተማሪዋ ግን «ጋሼ፥ እስከ ውሃው እንሂድ» አለችና ቀደመችን።

እስከ ውሃው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብን። በዳር ፍላሚንጎዎች ነበሩ፤ ብዙ አልነበሩም፤ ግን ነበሩ። መሪያችን እንደ ነገረን ቀድሞ ትልልቆቹ ነጫጭ ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉና ዓሣ ለመልቀም ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። ሻላ ዓሣ የማይበረክትበት፥ አብያታ ደግሞ ጎጆ የማይመችበት ነውና ሁለቱ ሐይቆች ለእነርሱ መኝታ ቤትና ማዕድ ቤት ነበሩ። የአብያታ ዓሣ ሲያልቅ ማዕድ ቤቱ ተዘጋ። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ ምንም አልተናገረም። ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው፤ እኛም ተከተልነው።

ወደ መኪናው ስንመለስ ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ ነበር። የኋላ ጎማችንም ተንፍሶ ጠበቀን፤ አንድ ሰዓት ያህል ከዚህ ሄደ። የሒሳብ አስተማሪው በተቀባው እጁ ወረቀቱን አውጥቶ ላንጋኖን ከሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ሠላሳ ደቂቃ ዝቅ አደረገው። አንድ ጊዜ እንኳ አላጉረመረመም ብል ውሸት ይሆናል። ቡናማው ውሃ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ገና ሁለት ጊዜ ሳይዞር ጠራነው፤ ፀጉሩ እንደ ራሰ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሐዋሳ ገባን።

እሑድ ጧት በአሞራ ገደል ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ፥ ልጆች በጥርሳቸው ሳይቀር ቆዳውን ሲገፉ፥ አባ ኮዳዎች እንደ ሽማግሌ ቆመው የተጣለውን ሲጠብቁ አየን። ተማሪዋ ትኵስ የዓሣ ሾርባ ሁለት ሳሕን ጠጣች። እዚህ ሁለት ሰዓት መድበን ነበር፤ ሁለት ሰዓትም በቃን። በ4 ሰዓት ተነሥተን በ6 ሰዓት ተኩል ባቱ ምሳ በላን፤ ከዚያም ወደ ቡታጅራ ታጠፍን። መንገዱ ከሸለቆው ወለል ወደ ጉራጌ ተራራዎች ሥር እየቀረበ ሲሄድ እንሰቱ በየደጁ ይታያል፤ አየሩም ይለወጣል።

ጢያን ለቀትር በኋላ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። በዚያ ካሉት 36 ሐውልቶች 32ቱ ቅርጽ ያለባቸው ናቸው፤ ቦታውም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ቅርጾቹ ድፍን ሆነው ይታያሉ። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ በጎን ስለሚመጣ ሰይፎቹ አንድ በአንድ ጥላ እያወጡ ከድንጋዩ ይነሣሉ። የጥናት ቁፋሮ ከሥራቸው መቃብር መኖሩን አሳይቷል፤ ምልክቶቹን አሟልቶ ያነበባቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ለተማሪዎቼ ከሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬላቸዋለሁ! እጄን ዘርግቼ ከረጅሙ አጠገብ ስቆም ግን ስሥለው የኖርሁት ሁሉ ትንሽ እንደ ነበር አየሁ። ጸሐፊው ጓደኛችን ከሣሩ ላይ ተቀምጦ ከጫማው የአብያታን ነጭ ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር።

መልካ ቁንጡሬ ከነባልጪት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ታላቅ ቦታ ነው፤ እኛ ግን ሳንቆም አዋሽን ተሻግረን አለፍን። ዓለም ገና ስንደርስ የመኪናውን መብራት አበራን፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። የሒሳብ አስተማሪው ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ አወጣና ከላንጋኖ ትይዩ «ሁለት ሰዓት ዕዳ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም አጥፎ ለጸሐፊው ጓደኛችን ሰጠው።

«ማክሰኞ ይዘኸው ሂድ» አለው። «ስትመለስ ትከፍለኛለህ።»