የግሥ ጊዜ በሪፈራል ወረቀት ላይ

በጋምቤላ ክልል የአንድ ታካሚ የሕመም ታሪክ ካርድ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ብዙ ጊዜ ሦስት ቋንቋ ይነካል። ታካሚው በኑዌር ወይም በአኝዋክ ቋንቋ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ባለሙያው በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ወረቀቱ መቱ ወይም ጅማ ሲደርስ ተቀባዩ ሐኪም የሚያነበው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

«ከአምስት ቀን ጀምሮ ያተኩሰዋል» የሚለውን እንመልከት። አንዳንዶች «ሂ ሃዝ ፊቨር ፎር ፋይቭ ደይስ» ብለው ይጽፉታል፤ ሰዋስዉ ቢጎድልም መልእክቱ አይጠፋም። «ሂ ሃድ ፊቨር ፎር ፋይቭ ደይስ» ከተባለ ግን ትኩሳቱ አምስት ቀን ቆይቶ እንደለቀቀው ይነበባል። ሕመሙ እስካሁን ካለ «ሂ ሃዝ ሃድ ፊቨር» ማለት ይገባል። ስለዚህ ብዕር ከማንሳት በፊት አስተርጓሚውን «ቆሟል ወይስ አሁንም አለ?» ብሎ መጠየቅ የግሡን ጊዜ ከማንኛውም የሰዋስው ሕግ በተሻለ ይወስናል።

በመድኃኒት ላይ ችግሩ ይረቃል። አማርኛው «ኮአርተም ይወስዳል» ሲል አሁን እየወሰደ መሆኑን ወይም ወደፊት እንደሚወስድ ሊያመለክት ይችላል፤ እንግሊዝኛው «ኢዝ ቴኪንግ» እና «ዊል ቴክ» ብሎ ይለያቸዋል። «ትናንት ወስዷል» በአማርኛ ነውር የለበትም፤ በእንግሊዝኛ ግን ያለፈው ጊዜ ተለይቶ ከተጠቀሰ «ሃዝ ቴክን» ቀርቶ «ቱክ» ይባላል። ይሁንና «ሃዝ ቴክን ኮአርተም» በሰዋስው ትክክል ሆኖም በ3 ቀን የሚሰጠው 6 ጊዜ መጠን ማለቁን አይናገርም። ስንተኛው መጠን፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ በቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። «የስተርደይ» የሚለውም ታካሚው በማግስቱ ሲደርስ ሌላ ቀን ይሆናል፤ ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑም ይገለጽ።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ከወሊድ በኋላ ደም የፈሰሳት እናት ወረቀት ነው። «ሺ ብሌድ አፍተር ደሊቨሪ» የሚለውን ያነበበ ሐኪም ደሙ ቆሟል ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ሺ ሃዝ ቢን ብሊዲንግ ሲንስ ደሊቨሪ» የሚለውን ያነበበ ግን እናቲቱ ከመኪና ሳትወርድ ደም እንዲዘጋጅ ያዛል።